ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናትን ጠባይ መመዘን፦ ሰሜን ሸዋ

ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ መጠይቅ አይሞላም። ጭንቀቱን፣ ቁጡነቱን ወይም ከእኩዮቹ መራቁን ማወቅ የፈለገ ባለሙያ በቃል ይጠይቃል፣ ሥዕል ያሳያል፣ ጨዋታውን ያያል። በመንዝና በተጉለት ገጠር ደግሞ የማያነብ ወላጅ ብዙ ስለሆነ መመዘኛው ለእርሱም ተነቦ መጠየቅ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ የሚሆን አጭር መጠይቅ አለው፤ 10 ጥያቄዎቹ "አዎ" ወይም "አይ" ተብለው ይመለሳሉ። እንቅልፍ ይነሳዋል? ከቤት ይጠፋል? ያለ ምክንያት ይፈራል? የእንግሊዙ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው መጠይቅ ሰፋ ይላል፤ 25 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፣ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጠዋል። የሚጠይቀው ስላለፉት 6 ወራት ነው። ወር ቆጥሮ የማይመልስ ወላጅ "ከጥምቀት ወዲህ" ወይም "ከመስቀል ወዲህ" ተብሎ ቢጠየቅ በደንብ ያስታውሳል።

ወላጅ ቶሎ የሚያየው ግን የሚረብሸውን ልጅ ነው። ታላቅ ፊት አንገቱን ደፍቶ የሚቆመው "ጨዋ ነው" ተብሎ ይመሰገናል፤ ዝምታው ከፍርሃት ይሁን ከአስተዳደግ የሚጠይቅ የለም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ልጅ ነው፤ እርሱን ለማግኘት ራሱን ማናገር ግድ ይላል።

በአሜሪካ በርክሌይ የተጀመረው የአሻንጉሊት ቃለ መጠይቅ ለዚህ ይመቻል። አንዱ አሻንጉሊት "እኔ ብዙ ጊዜ አዝናለሁ" ይላል፣ ሌላው "እኔ ብዙም አላዝንም" ይላል፤ "አንተስ?" ይባላል። መናገር ያፈረ ልጅ በጣቱ ይጠቁማል። ለትልቅ ሰው ሁሉ "እሺ" ማለት የለመደ ልጅ እዚህ እሺ የሚለው ነገር አያገኝም፤ ሁለቱም መልሶች እኩል ተነግረውታል። ዶሚኒክ የተባለው የካናዳ መመዘኛ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉት በሥዕልና በድምፅ ይጠይቃል። ጠቦት ለሚጠብቅ ልጅ ሥዕሉን ከኑሮው ጋር ማስማማት ተገቢ ነው፤ ሥዕሉ ከተለወጠ ግን መመዘኛው እንደገና መፈተሽ አለበት፣ "ከዚህ በላይ ችግር አለ" የሚያሰኘውን የውጭ የነጥብ ወሰን እንዳለ መውሰድም ያሳስታል።

እቃቃ ሲጫወቱ ማየትም ብዙ ይናገራል፦ ማን ያዛል፣ ማን ይገፋል፣ ማን ዳር ቆሞ ይቀራል። በግጭት ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የተጠለለ ልጅ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቢደነግጥ፣ መቼ እንደጀመረው ሳይጠየቅ በነጥብ ብቻ አይፈረድበትም። መስማቱ፣ እንቅልፉና ቁርስ መብላቱም አስቀድሞ ይጣራል። ከፍ ያለ ነጥብ በሽታ አለ ማለት አይደለም፤ ከመምህሩ ምስክርነት ጋር ተያይቶ፣ ካስፈለገም ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል።