መናገሻ ሱባ፦ የዛፎች የተፈጥሮ ሞትና የደን ካርቦን

መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በሰበታና በሆለታ መካከል፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኝ የደጋ ደን ነው። ከ2,200 ሜትር ግድም ተነሥቶ የተራራው አናት 3,385 ሜትር ይደርሳል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ በአፍሪካ ቀድመው ጥበቃ ከተደረገላቸው ደኖች አንዱ ተደርጎ የሚቆጠረውም በዚህ ነው። ከታች ዝግባ፣ ወይራና የሐበሻ ጥድ፣ ከፍ ሲል ጥድና ኮሶ፣ ወደ አናቱ ደግሞ አስታና አሜጃ ይበዛሉ። ዓመቱን ሙሉ እንደሚዘንብባቸው ደኖች ሳይሆን የክረምት ዝናብና የበጋ ድርቀት የሚፈራረቁበት ነው። የዛፎቹ አሟሟትና የካርቦኑ ሂሳብ ግን ለአማዞንም ለኮንጎም በሚሠራው መርሕ ይመራል።

ስለ ደንና ካርቦን ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ተከላ ነው። የቆመ ደን የሚይዘውን ካርቦን የሚወስኑት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ዛፎቹ በየዓመቱ የሚጨምሩት እንጨትና ያ እንጨት በሕይወት ቆሞ የሚቆይበት ዘመን። ሰው ባልነካቸው ሞቃታማ ደኖች በአብዛኛው በዓመት ከመቶ ዛፍ አንዱ ወይም ሁለቱ ይሞታሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በዓመት ከመቶ አንድ ሲሞት የአንድ ዛፍ አማካይ ቆይታ 100 ዓመት ነው፤ ከመቶ ሁለት ሲሞት 50 ዓመት። እድገቱ ሳይለወጥ ሞቱ ብቻ እጥፍ ቢሆን ደኑ የሚይዘው ካርቦን ውሎ አድሮ በግማሽ ይወርዳል። በአማዞን የታየውም ይኸው ነው፤ ያልተነኩት ደኖች ከአየር የሚወስዱት ካርቦን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ እየቀነሰ የመጣው በአንድ በኩል የእድገቱ መጨመር ስለቆመ፣ በሌላ በኩል የዛፎች ሞት ስለጨመረ ነው። የአፍሪካ ደኖች እስከ 2010 አካባቢ ድረስ በተሻለ ጸንተው ቆይተዋል።

ዛፍ እንዴት ይሞታል

በወጨጫ ተዳፋት ላይ አንዱ የአሟሟት ዓይነት ክረምትና ነፋስ ሲገጥሙ የሚመጣው ነው። አፈሩ ስስ በሆነበት፣ ከሥሩ ድንጋይ ባለበት ቦታ ሥሩ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሬቱ ውኃ ጠግቦ ሲላላ ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ይተኛል፤ ሲወድቅም አጠገቡ ያሉትን ትናንሽ ዛፎች ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ዓይነት ሞት ከውስጥ የሚጀምር ነው። ፈንገስ በተሰበረ ቅርንጫፍ ወይም በእሳት ጠባሳ ገብቶ የሸመገለ ጥድ መሃለኛውን ቀይ እንጨት ይበላዋል። ከውጭ ቅጠሉ ለምለም፣ ቅርፊቱ ደህና ይመስላል፤ አንድ ቀን ግን ግንዱ በወገቡ ይሰበራል። አሮጌ ኮሶም እንዲሁ ውስጡ ባዶ ሆኖ ለብዙ ዓመት ሊቆም ይችላል። ጫፍ ላይ ያሉትን ረጃጅሞች መብረቅ ይመታቸዋል፤ የበጋው ድርቀት ሲረዝም ደግሞ የዛፉ ዘውድ (ቅርንጫፉና ቅጠሉ) ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ይሄዳል።

ወጣት ዛፎችን በብዛት የሚገድላቸው ጥላ ነው። ጥድ ብርሃን ይፈልጋል፤ ችግኙ በእናቱ ጥላ ሥር አይዘልቅም። ስለዚህ በጥድ ደን ውስጥ ብዙ ትልልቅ ጥድ እያለ አንድም የጥድ ቡቃያ ላይታይ ይችላል። የወደቀ ዛፍ የሚከፍተው ቦታ ለጥድ አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዝግባና ወይራ ግን ጥላ ስለሚችሉ ለረጅም ጊዜ ባልተነካ ደን ውስጥ ቀስ በቀስ የጥዱን ቦታ ይወርሳሉ። ይህን የደኑ መጥፋት አድርጎ መመዝገብ ስህተት ነው።

ትልቁ ዛፍ ለምን ይከብዳል

ለሞቃታማ ዛፎች በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ የተለካ የግንድ ዲያሜትር በሴንቲሜትር፣ ቁመት በሜትር፣ የእንጨቱ እፍጋት (የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር እንጨት ደረቅ ክብደት በግራም)። እፍጋቱን በዲያሜትሩ ካሬና በቁመቱ አባዝቶ፣ ውጤቱን ወደ 0.976 ኃይል አንሥቶ፣ በ0.0673 ማባዛት ነው፤ የሚገኘው ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደት በኪሎ ነው። የጥድን እፍጋት 0.54 እንውሰድ። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 25 ሜትር የሆነ ጥድ 2,500 ኪሎ ያህል ይወጣዋል። ከደረቅ እንጨት 47 በመቶው ካርቦን ስለሆነ ወደ 1.2 ቶን ካርቦን ማለት ነው፤ በ3.67 ሲባዛ ከ4.3 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ዲያሜትሩ 15፣ ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ ጥድ ግን 69 ኪሎ ብቻ ነው። አንዱን ትልቅ ጥድ ለመተካት 37 ያህል ትናንሽ ዛፎች ያስፈልጋሉ፤ እነሱም እዚያ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅባቸዋል። ሥሩ ለብቻው ይታሰባል፤ ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ክብደት ሩቡ ያህል ይጨመራል። ቀመሩ የተሠራው በአብዛኛው ከሰፋፊ ቅጠል ዛፎች ስለሆነ ለጥድና ለዝግባ ግምት እንጂ ቁርጥ ያለ ልክ አይደለም።

የሞተውን መቁጠር

ሞትን አንድ ጊዜ ሄዶ መለካት አይቻልም። ቦታ ተከልሎ፣ ዲያሜትራቸው 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ዛፎች ሁሉ የቁጥር ታርጋ ተመትቶባቸው፣ በአምስት ዓመት ገደማ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። ሚስማሩ የአሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ ከመለኪያው መስመር በላይ ይመታል፣ ቅርፊቱ ሲያብጥ ልኩን እንዳያዛባ። መለኪያው ያረፈበት ቦታ በቀለም ይሰመራል። በተዳፋት ላይ 1.30 ሜትሩ የሚለካው ከላይኛው ጎን ነው። በግንዱ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ሽፋንና የዛፍ ሽበት ሳይጠረጉ ሜትር ከተጠመጠመ ዛፉ ያላደገውን እድገት ያገኛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ 500 ዛፍ ቢቆጠርና ከአምስት ዓመት በኋላ ከእነዚያው 475 ቢገኙ፣ የ475ን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ከ500 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ቀንሶ በ5 ማካፈል ነው፤ በዓመት 1.03 በመቶ ይመጣል። አዲስ ተወልደው 10 ሴንቲሜትር የደረሱት ለብቻ ይመዘገባሉ እንጂ ከ475ቱ ጋር አይደመሩም። ደግሞም የሞቱት በቁጥር ብቻ ሳይሆን በክብደትም ይሰሉ። ከ25ቱ ሟቾች 24ቱ ቀጫጭን፣ አንዱ ባለ 60 ሴንቲሜትር ከሆነ የካርቦኑን ሂሳብ በብዛት የሚወስነው አንዱ ነው።

አዲስ አበባ ዙሪያ ከሁሉ የሚከብደው የተፈጥሮን ሞት ከሰው እጅ መለየት ነው። የጠፋ ዛፍ ሁሉ በራሱ የሞተ አይደለም። ጠፍጣፋ ጉቶ ተቆርጧል ማለት ነው፤ የተሰነጣጠቀ፣ ስንጥር የተሞላ ጉቶ ነፋስ የሰበረው ነው፤ ሥሩ ከነአፈሩ ወደ ላይ ከዞረ ተነቅሏል። የሚያሳስተው ቅርፊቱ ዙሪያውን የተገፈፈው ነው። ቆሞ ስለሚደርቅ በርቀት ሲያዩት በድርቅ የሞተ ይመስላል፤ ቀርቦ የገጀራ ወይም የመጥረቢያ ምልክት መኖሩን ማየት ግድ ነው። ጉቶው በሣርና በቅጠል ከተሸፈነም ቦታውን በእግር ፈትሾ ማግኘት ነው።

ከሞት በኋላ

ዛፍ ሲሞት ካርቦኑ በዚያው ዕለት አይጠፋም። የጥድ ቀይ እንጨት ዘይት ስላለው ምስጥም ብስባሽም ቶሎ አይደፍሩትም፤ ለአጥር ቋሚ የሚመረጠውም በዚህ ነው። ቆሞ የደረቀ ጥድ ግራጫ ሆኖ ለረጅም ዓመታት ይቆያል። መሬት ላይ የተኛው፣ እርጥበት ስለሚያገኝ፣ ቀድሞ ይበሰብሳል። የደጋው ብርድ ደግሞ መበስበሱን ያዘገየዋል። የወደቀ ግንድ ደረጃ በቢላ ይለያል፦ ቢላው ከነጠረ ጠንካራ፣ ትንሽ ከገባ መካከለኛ፣ እንጨቱ ከተፈረፈረ የበሰበሰ። መጠኑን ለማወቅ 100 ሜትር ገመድ ተዘርግቶ ገመዱን የሚያቋርጡት ግንዶች ዲያሜትር ይለካል፤ የእያንዳንዱ ካሬ ተደምሮ በ0.01234 ሲባዛ በሄክታር የሚገኘውን ኪዩቢክ ሜትር ይሰጣል። 20፣ 30 እና 15 ሴንቲሜትር የሆኑ ሦስት ግንዶች ቢገኙ ወደ 19 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ጭራሮ ለቃሚ በሚመላለስበት ዳር ላይ ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ይህ እንጨት በስብሶ አፈር መሆኑ ቀርቶ ምድጃ ገብቷል ማለት ነው።

በእንጦጦ ሁኔታው ሌላ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በተፈጥሮ ለመሞት ዕድሜ አያገኝም፤ በጥቂት ዓመታት ለአጠናና ለማገዶ ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እድገቱ ፈጣን ቢሆንም ቆይታው አጭር ስለሆነ ክምችቱ ትንሽ ነው። በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል እንደተያዘው ባሕር ዛፉን በሀገር በቀል ዛፍ መተካት ሲፈለግ ጉቶው ተነቅሎ መውጣት ወይም ቡቃያው በተደጋጋሚ መመልመል አለበት። ተዳፋቱ በአንድ ጊዜ ከተራቆተ የክረምቱ ጎርፍ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን ይዞት ይወርዳል፤ ስለዚህ በየመስመሩ እየተፈራረቀ ይቆረጣል፣ ችግኙም በቀሪው ጥላ ከነፋስ ተጠልሎ ይተከላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የካርቦኑ መዝገብ መቀነስ ያሳያል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ በመዝገቡ ላይም እንዳለ መስፈር አለበት።