«ሪስትራክቸሪንግ» ሲባል ሠራተኛው ለምን ይበግናል? ስለ አየር መንገድ ሠራተኞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኦክቶበር 2015 ከፓሪስ የወጣውን ፎቶ ያየ ሰው አይረሳውም። የኤር ፍራንስ የሰው ኃይል ኃላፊ ሸሚዛቸው ተቦጫጭቆ፣ ከረባታቸው ብቻ አንገታቸው ላይ ቀርቶ፣ በአጥር ላይ ሲያመልጡ ያሳያል። ያን ዕለት በስብሰባው ላይ የቀረበው የ«ሪስትራክቸሪንግ»፣ ማለትም ድርጅቱን እንደገና የማዋቀር ዕቅድ 2,900 ሰው የሚቀንስ ነበር። በሰው ላይ እጅ ማንሳት ሰበብ የለውም። ግን ከፎቶው በኋላ የተወራው ሁሉ ወይ «ሠራተኛው ዱርዬ ነው» ወይ «አለቆቹ ጨካኞች ናቸው» ሆኖ ቀረ፤ ሰው እዚያ የሚያደርሰው ምን እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው። እስቲ በየጊዜው የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ጠቡ የደመወዝ ነው»

በከፊል እውነት ነው፤ ደመወዙ ሲቆረጥ ደስ የሚለው የለም። ነገር ግን የአየር መንገድ ሠራተኞች በገዛ ድምፃቸው ደመወዛቸውን የቀነሱበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በኤፕሪል 2003 አሜሪካን ኤርላይንስ ኪሳራ አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር። አብራሪዎቹ፣ የበረራ አስተናጋጆቹና የምድር ሠራተኞቹ በየማኅበራቸው ድምፅ ሰጡና በዓመት ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ ለመቀነስ የተጠየቁትን ተቀበሉ። ይህን ያደረጉት ኩባንያው እንዲተርፍ ብለው ነው።

ድምፁ ተሰጥቶ እንዳበቃ ሌላ ወሬ መጣ። ኩባንያው ቢከስር እንኳ የ45 ኃላፊዎች ጡረታ እንዳይነካ 41 ሚሊዮን ዶላር ለብቻው ተቀምጦ ኖሯል። የላይኞቹ አለቆች ደግሞ እንዳይለቁ ዳጎስ ያለ ቦነስ ተመድቦላቸዋል። ይህን የሚገልጸው ሰነድ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚገባበት ቀን ሠራተኛው ድምፅ ሰጥቶ እስኪጨርስ እንዲዘገይ ተደርጎ ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዶን ካርቲ ይቅርታ ጠየቁ፣ ቦነሱ ተሰረዘ፣ ወሩ ሳያልቅም ሥልጣን ለቀቁ። ሠራተኛው የተቀበለው ቅነሳ ግን ጥቃቅን ማሻሻያ ተደርጎበት ጸና።

ያ ቁጣ ከገንዘቡ መጠን አልመጣም። መጀመሪያ ፊርማ፣ ቀጥሎ ወሬ መሆኑ ነው ያመጣው። ሁሉም እኩል ቢጎዳ ኖሮ ብዙዎቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ያልፉት ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ካልተመቸው ሌላ አየር መንገድ ይግባ»

ይህን የሚል ሰው የአየር መንገድ ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል አያውቅም። በብዙ አየር መንገዶች፣ በተለይ ማኅበር ባለባቸው፣ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሲኒየሪቲ ማለትም በአገልግሎት ቅደም ተከተል ነው። አንድ አብራሪ ወይም የበረራ አስተናጋጅ በየወሩ የሚፈልገውን ፕሮግራም ያስገባል፤ «ቢድ» ይሉታል። ኮምፒውተሩ ከዝርዝሩ አናት ይጀምርና ለመጀመሪያው ሰው የመረጠውን ይሰጠዋል፣ ለሁለተኛው ከቀረው፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከታች ላለው የሚደርሰው የበዓል ሌሊት፣ ማንም ያልፈለገው መስመር፣ ወይም ስታንድባይ ነው። ስታንድባይ ማለት ሻንጣ ተሸክፎ፣ ዩኒፎርም ተተኩሶ፣ ስልክ ትራስጌ ተቀምጦ መተኛት ነው።

አሁን 25 ዓመት ያገለገለ ካፒቴን ተናዶ ለቀቀ እንበል። አዲሱ ቤት ሲገባ ካፒቴን አይደለም። የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይጻፋል፣ ረዳት አብራሪ ይሆናል፣ የመጀመሪያ ዓመት ተቀጣሪ ደመወዝ ይከፈለዋል። በልጁ ዕድሜ ያለ ካፒቴን አጠገብ ይቀመጣል። ሌላ ሙያ ያለው ሰው ልምዱን ይዞ ይሄዳል፤ የእሱ ልምድ ግን የሚቆጠረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ አማራጩ ወይ መዋጥ ወይ መጮህ ነው።

ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ደግሞ ይብሳል፤ ሁለቱ ዝርዝሮች እንዴት ይቀላቀላሉ? በ2001 አሜሪካን ኤርላይንስ ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለውን አየር መንገድ ሲገዛ የተገዛው ድርጅት የበረራ አስተናጋጆች፣ ሠላሳ ዓመት የሠሩት ሳይቀሩ፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ተደረጉ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ቅነሳ ሲመጣ ከታች ተጀመረና በ2003 ሁሉም ከሥራ ውጭ ሆኑ። ይህን ያደረገው ማኔጅመንቱ ብቻ አለመሆኑን መናገር ደስ አይልም፤ የነባሮቹ ማኅበርም ለራሱ አባላት አድልቷል። የአሜሪካ ምክር ቤት ዝርዝሮች በፍትሐዊነት እንዲዋሃዱ የሚያዝ ሕግ ያወጣው በ2007 ነው።

«ውል ውል ነው፤ ጡረታውም የትም አይሄድም»

በሴፕቴምበር 1983 የአሜሪካው ኮንቲኔንታል ኤርላይንስ የኪሳራ ጥበቃ (በፍርድ ቤት ሥር ሆኖ፣ ባለዕዳዎቹ ሳይነኩት ሥራውን እንዲቀጥል የሚያስችል) ጠየቀ፣ የማኅበራቱን ውል ቀደደ፣ ሠራተኛውን አሰናበተ። በሦስት ቀን ውስጥ ጥቂቱን በግማሽ ደመወዝ ገደማ መልሶ ቀጥሮ መብረር ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ ውል ለማፍረስ መጀመሪያ ድርድር፣ ከዚያ የዳኛ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ተደረገ። በሩ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

ጡረታም እንዲሁ ነው። ዩናይትድ ኤርላይንስ በኪሳራ ጥበቃ ሥር ሳለ፣ በ2005፣ አራት የጡረታ ፈንዶቹን እንዲጥል ተፈቀደለት። የ120 ሺህ ሰው ገደማ ጡረታ ነው፤ የጎደለው ወደ 9.8 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ መድን ድርጅት የሸፈነው 6.6 ቢሊዮን ያህሉን ነው። ልዩነቱ ከጡረተኛው ኪስ ወጣ። ከሁሉ የከፋው የአብራሪዎቹ ነበር። በዚያን ጊዜ ሕጉ አብራሪ 60 ዓመት ሲሞላው እንዲያርፍ ያስገድዳል። መድኑ ደግሞ ከ65 በፊት ጡረታ ለወጣ የሚከፍለውን ጣሪያ ዝቅ ያደርጋል፤ በ2005 ጣሪያው በ65 በዓመት 45 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በ60 ግን 30 ሺህ ገደማ ነበር። አንዱ የመንግሥት ሕግ ውጣ ይልሃል፣ ሌላው ቀድመህ ወጣህ ብሎ ይቀንስብሃል።

«ገንዘብ አላቸው፤ ማስፈራሪያ ነው»

ይህ ደግሞ የሠራተኛው ወገን ስሕተት ነው፤ በሻይ እረፍት ብዙ ይባላል። ብዙ ጊዜ የተዋሸ ሰው እውነቱ ሲነገረውም አያምንም። ሆኖም አየር መንገድ የሚመስለውን ያህል ትርፍ የለውም፤ ነዳጅ ሲወደድ ወይም ተሳፋሪ ሲጠፋ ካዝናው በሳምንታት ይደርቃል። ስዊስኤር በኦክቶበር 2 ቀን 2001 አውሮፕላኖቹን ያቆመው ለነዳጅ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ስላጣ ነው። የስዊዘርላንድ መኩሪያ የነበረ ድርጅት!

የጣሊያኑን አየር መንገድ አሊታሊያን ደግሞ ተመልከቱ። በኤፕሪል 2017 ሠራተኞቹ ደመወዝ የሚቀንስና 1,700 ያህል ሥራ የሚያስቀር የማዳኛ ዕቅድ ለድምፅ ቀረበላቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል «አይሆንም» አሉ፤ መንግሥት መቼም አይተወንም ብለው ያሰቡ ነበሩ። ድርጅቱ በቀጣዩ ወር በልዩ አስተዳደር ሥር ገባ፣ እየተንገዳገደ ቆይቶም በኦክቶበር 2021 የመጨረሻ በረራውን አደረገ። በቦታው የተቋቋመው አዲሱ ኩባንያ የቀጠረው ከቀድሞዎቹ ጥቂቱን ነው። ለፍትሕ ያህል፣ ያ ዕቅድ ከዚያ በፊት ከከሸፉ ብዙ የማዳኛ ዕቅዶች በኋላ የመጣ ነው። እንደገና ማመን ቀላል አልነበረም።

«ሠራተኛው ለውጥ ስለሚጠላ ነው የሚያጉረመርመው»

በታውን ሆል፣ አለቆች ሠራተኛውን ሰብስበው በሚያነጋግሩበት ስብሰባ ላይ፣ ይህን ሲሰሙ ብዙዎች የሚስቁት ያለምክንያት አይደለም። በአሜሪካው አየር መንገድ በሳውዝዌስት ያጉረመረሙት ሠራተኞች ለውጥ አምጡ እያሉ ነበር። ማኅበራቱ የበረራ ሠራተኞችን የሚመድበው ሶፍትዌር አርጅቷል፣ አንድ ቀን ይወድቅብናል እያሉ ለዓመታት አስጠንቅቀዋል። በዲሴምበር 2022 የበረዶ አውሎ ነፋስ መጣ፤ ሌሎቹ አየር መንገዶች በቀናት ሲያገግሙ ሳውዝዌስት ወደቀ። ሲስተሙ የትኛው ሠራተኛ የት ከተማ እንዳለ ጠፋበት። አብራሪዎችና አስተናጋጆች «እዚህ ነኝ፣ ለመብረር ዝግጁ ነኝ» ለማለት ስልክ ይደውላሉ፣ መስመሩ ላይ ለሰዓታት ይጠብቃሉ። አውሮፕላን አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ የሚያገናኛቸው ጠፋ። ከ16 ሺህ በላይ በረራ ተሰረዘ፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ተሳፋሪ ተጉላላ፤ በቀጣዩ ዓመት መንግሥት 140 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው።

«የተናደደ ሠራተኛ ሥራውን ያበላሻል»

አጭር መልስ ይበቃል። ቴክኒሺያን ጥገና ጨርሶ ሎግቡኩ፣ ማለትም የአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ሲፈርም ከሥሩ የሚያሰፍረው የላይሰንስ ቁጥር የራሱ ነው። ቢሰናበትም ላይሰንሱን ይዞ ይሄዳል፣ ሥራ ካበላሸ ግን ያንኑ ያጣል። የሚያሳስበው ድካምና በሐሳብ መዋጥ ነው፤ የስንብት ደብዳቤ እየጠበቀ የሌሊት ሽፍት የሚሠራ ሰው ልቡ ሁለት ቦታ ነው።

«የምድሩን ሥራ ለኮንትራክተር መስጠት፣ ሰው ቢጎድልም መልሶ መቅጠር ቀላል ነው»

የአውስትራሊያው አየር መንገድ ቃንታስ በ2020፣ በወረርሽኙ መካከል፣ በአሥር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሻንጣ የሚጭኑና አውሮፕላን የሚያጸዱ 1,700 ገደማ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ሥራውን ለሌሎች ድርጅቶች ሰጠ። ጉዳዩ እስከ አውስትራሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ። በሴፕቴምበር 2023 ሁሉም ዳኞች ስንብቱ ሕገወጥ ነው በሚለው ተስማሙ። ካሣው 120 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሆነ፣ በ2025 ደግሞ 90 ሚሊዮን ቅጣት ተጨመረበት።

መልሶ መቅጠሩም እንደታሰበው አይሆንም። ወደ አውሮፕላኑ የሚያስጠጋ መታወቂያ ለማግኘት የእንግሊዝ ሕግ የአምስት ዓመት የሥራና የኑሮ ታሪክ እንዲጣራ ይጠይቃል፤ ይህ ሳምንታት ይፈጃል፣ ሥልጠናው ከዚያ በኋላ ነው። የተሰናበቱት እስከዚያ ሌላ ሥራ ይዘዋል። በ2022 በጋ ተሳፋሪው ሲመለስ ሻንጣ የሚያወርድ ሰው ጠፋና የለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በቀን ከ100 ሺህ በላይ መንገደኛ አላሳፍርም አለ። አየር መንገዶቹንም ለዚያ በጋ ተጨማሪ ትኬት መሸጥ አቁሙ ብሎ ለመናቸው።