«ቅባቱ ከተበላ ምን ጉዳት አለው?»፦ ስለ ሽጉጥ ማጽጃና ቅባት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ነሐሴ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ባለበሰበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቴ ዘንድ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ምንጣፉ ላይ ጋዜጣ ተዘርግቷል፤ ጋዜጣው ላይ ፈቃድ ያወጣበት ማካሮቭ ሽጉጡ ተፈታትቶ ተደርድሯል። በቀኙ ግማሽ ሀይላንድ ቤንዚን፣ በግራው የጫት እሽግ፣ ፊት ለፊቱ ጀበና የተጣደበት የከሰል ምድጃ። በርሜሉን ቤንዚን በነካው ጨርቅ ይወለውልና በዚያው ጣቱ ቅጠል ቀንጥቦ ይጎርሳል። ሲያየኝ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አነሣና «አያ፣ ይኸውልህ! ቅባቱን እንኳ መርዝ የሌለበት ነው የገዛሁት፤ ለልጆቹ ብዬ» አለኝ።

እኔ አሁን የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ሰባት ዓመት በመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በሚፈቅደው መሠረት መሣሪያቸውን በፈቃድ የያዙ ሰዎች ዛሬም ለስፌት መኪና ዘይት ብለው ሱቄ ይመጣሉ፤ ሲመጡም ከዘይቱ ጋር ብዙ ወሬ ይዘው ይመጣሉ። ከወሬው መካከል ደጋግሜ የምሰማውን እዚህ አነሣለሁ።

«መርዙ ያለው ማጽጃው ውስጥ ነው»

የጎረቤቴ ስህተት ከዚህ ይጀምራል። ማጽጃው መርዛማ ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉ የከፋው መርዝ ግን ብዙውን ጊዜ ከሽጉጡ ላይ የሚጠረገው ጥላሸት ነው። በአብዛኛው ጥይት፣ በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ትንሿ መቀጣጠያ የእርሳስ ውሁድ አለባት። የጥይቱ ዐረርም ብዙውን ጊዜ ውስጡ እርሳስ ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ከሁለቱም የሚወጣው ብናኝ በርሜሉ ውስጥ፣ ካዝናው ላይ፣ የሞላው ጥቅል መሐል ይቀመጣል። ጨርቁ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው ባሩድ ብቻ አይደለም።

እርሳስ በጤነኛ ቆዳ በቀላሉ አይገባም፤ በአፍና በትንፋሽ ግን ይገባል። እኛ ደግሞ እንጀራ በእጅ የምንበላ፣ ቆሎ በእጅ የምንዘግን፣ ጫት በጣት የምንቀነጥብ ሰዎች ነን። ሹካ የሚይዝ ሰው የሚያመልጠው ነገር እኛን በቀጥታ ያገኘናል። ወደ ሰውነት የገባ እርሳስ ከደም በጥቂት ወራት እየቀነሰ ይሄዳል፤ አጥንት ውስጥ የተቀመጠው ግን ለዐሥርተ ዓመታት ይቆያል። ለሕፃናት ደኅና የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ የዓለም የጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል፤ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አእምሯቸውን ነው።

ስለዚህ «መርዝ የሌለበት» ቅባት ገዝቶ ጫት እየቃሙ መወልወል በሩን ቆልፎ መስኮቱን ከፍቶ እንደመተኛት ነው። ሥራው ከቤት ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን፤ ጓንት ይደረግ፤ ሲያልቅ እጅ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና በደንብ ይታሽ። ውሃ ብቻውን እርሳስን በደንብ አያስለቅቅም። ጋዜጣው ይታጠፍና ከጨርቁ ጋር በፌስታል ታስሮ ይጣል እንጂ ለከሰል ማቀጣጠያ አይሁን። ጥላሸቱን በትንፋሽ እፍ ማለትማ ጨርሶ አይሞከርም።

«መርዝ የሌለበት ተብሎ ከተጻፈ አለቀ»

አላለቀም። ጠርሙስ ላይ የተጻፈ ቃል የሻጭ ቃል ነው። «በቀላሉ የሚበሰብስ» ማለት አፈር ውስጥ ይፈርሳል ማለት እንጂ ዓይን ውስጥ ቢገባ አይጎዳም ማለት አይደለም። «ሽታ አልባ» ማለትም ተን የለውም ማለት አይደለም። መታየት ያለበት በጀርባው በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ነው፤ የነበልባል ምልክት፣ የራስ ቅል ምልክት፣ «አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ብቻ» የሚል መመሪያ ካለ ፊት ለፊት ያለው ቅጠል ሥዕል አያታልለን።

ከዚህ ጋር ልጆችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ቀጭን ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ ሌላው ቀርቶ «ደኅና» የተባለው የማሽን ዘይትም ቢሆን፣ ሕፃን ሲጠጣው ወደ ሳንባ ሊገባና ከባድ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ልጁ እንዲያስታውክ ማድረግ ችግሩን ያባብሰዋል፤ እንዲያስታውክ ሳያደርጉ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ጎረቤቴ ቤንዚኑን ያኖረው በሀይላንድ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ሀይላንድ ሲያይ የሚያስበው ውሃ ነው።

«የነዳጅ ውጤት ሁሉ መርዝ፣ የዕፅዋት ሁሉ መድኃኒት»

ይህን የሚሉኝ በአብዛኛው የተማሩ ወጣቶች ናቸው። ፋርማሲ ገብታችሁ ለሆድ ድርቀት የሚሰጠውን ፈሳሽ ፓራፊን ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ ዘይት ነው። የስፌት መኪና ዘይትም ዘመዱ ነው፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ እምብዛም የማይሸት። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የጀርመኑ ባሊስቶል ቅባትም መሠረቱ ይኸው በሕክምና ደረጃ የተጣራ ዘይት ነው። በአንጻሩ ተርፔንታይን ከጥድ ሙጫ የሚወጣ የዕፅዋት ውጤት ሆኖ ሳለ ሳንባንና ቆዳን ያቃጥላል። ከብርቱካን ልጣጭ የሚሠሩ ማጽጃዎችም ጠርሙሱ ተከፍቶ ሲቆይ ከአየር ጋር ተዋሕደው ቆዳ የሚያስቆጡ ይሆናሉ። የነዳጅ ዘይቶችን ጉዳት የሚለየው በአብዛኛው የማጣራታቸው ደረጃ ነው።

ለዚህም ነው «የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ ጥሩ ነው» የሚለውን በአንድ ቃል የምመልሰው፦ አይሆንም። ሞተር ውስጥ የከረመ ዘይት የብረት ብናኝ፣ አሲድና ካንሰር የሚያመጡ ውሁዶች ያጠራቅማል። ለሰውም ለብረትም የማይበጅ ነገር ነው።

«ቅቤ ወይም የኑግ ዘይት ይሻላል፤ ከተበላ ምን ጉዳት አለው?»

ለሰው ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው ሽጉጡን ነው። የኑግ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ የሚደርቅ የዘይት ዓይነት ነው። ምጣድ ሲሟሽ የሚፈለገው ይኸው ጠባዩ ነው፤ ይደርቃል፣ ይለጠፋል፣ ልባስ ይሆናል። ሽጉጥ ውስጥ ግን እንደ ሙጫ ይሆንና የጥይቱን መቀጣጠያ የሚመታውን መርፌ ይይዘዋል። አንድ ሽማግሌ በኑግ ዘይት ሲቀቡት የኖሩትን የጣሊያን ዘመን ቤሬታ አምጥተውልኝ ካዝናውን ለማላቀቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ውስጡ ማር የፈሰሰበት ይመስል ነበር።

ቅቤ ደግሞ ዘይት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ውሃና የወተት ቅሪት አለበት። ይኮመጥጣል፤ ሲኮመጥጥ አሲድ ይወጣዋል፤ ዝገትን ይጠራል። የተልባ ዘይት ሌላ ጣጣ ይጨምራል፦ ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል።

«ቤንዚን ያነጻል፤ ቶሎም ይተናል»

የሚያሰጋውም ቶሎ መትነኑ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ምንጣፉን ተከትሎ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ የሚደርሰውም ጀበናው ከተጣደበት ፍም ዘንድ ነው። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ቤንዚን የተባለው ኬሚካል (ነዳጁና ኬሚካሉ በአማርኛ ስማቸው መመሳሰሉ ያሳዝናል) የደም ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት የታወቀ ነው። ነጭ ጋዝና ናፍጣ ከእሱ ይሻላሉ፤ ሆኖም እጅ ያደርቃሉ፣ ቆዳ ያሳክካሉ፣ የብረቱን ቅባት ጨርሰው ያወጣሉ። ወልውሎ ሳይቀቡ ማስቀመጥ ለዝገት አሳልፎ መስጠት ነው።

«ውሃ የብረት ጠላት ነው፤ ሽጉጥ አይነካውም»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አያምነኝም። ከማጽጃዎች ሁሉ መርዝ የሌለበትና ርካሹ ፈላ ያለ ውሃ ነው፤ አንዳንዴም የሚያድነው እሱ ብቻ ነው።

አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳይ ጠመንጃ መጀመሪያ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር። የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ በዓለም ሁሉ የሚጸዳው በውሃ ነው፤ ከተኩሱ የሚቀረው ጨዋማ ዝቃጭ በዘይት አይሟሟምና። ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ይህ ልማድ ተረሳ፤ ጨው ግን ከነጭራሹ አልቀረም። በቀድሞው የምሥራቅ አውሮፓ ጎራ ከተሠሩ የቆዩ ጥይቶች መካከል፣ በተለይ ለቶካሬቭ ሽጉጥ ከተሠሩት፣ መቀጣጠያቸው ፖታሲየም ክሎሬት የያዘ ብዙ አለ። ያ ሲነድ የሚተወው ከገበታ ጨው ጋር የተቀራረበ ጨው ነው። ጨዉ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የደሴ ክረምት ደግሞ የሚሳብ እርጥበት አያጣም። ከላይ ዘይት ብትቀቡበት ጨዉን ሸፈናችሁት እንጂ አላወጣችሁትም፤ ከዘይቱ ሥር ሆኖ በርሜሉን ይበላዋል። በሦስተኛው ቀን ጨርቅ ስትሰዱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መያዣው ይፈታል፤ በርሜሉና ሌሎቹ ብረቶች ጥቂት ሳሙና በገባበት ሙቅ ውሃ በብሩሽ ይታሻሉ፤ ከዚያ በንጹሕ የፈላ ውሃ ይለቀለቃሉ። ብረቱ ከውሃው ሙቀት ስለሚወስድ የቀረው እርጥበት ራሱ ይተናል፤ ጥጋጥጉ በጨርቅ ይደርቃል፤ ወዲያው ስስ ዘይት ይቀባል። ይህ «ወዲያው» የሚለው ቃል ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ታጥቦ ሳይቀባ እስከ ማታ የቆየ ሽጉጥ ውሃን ያሳማል። ብሩሹና ሳህኑም ለዚሁ ሥራ ብቻ ይሁኑ፤ ወደ ማድ ቤት አይመለሱ። እጣቢውም ቢሆን እርሳስ አለበትና ጓሮ አትክልት ላይ ወይም ወደ ቦርከና በሚወርድ ቦይ ላይ አይደፋ፤ ከታች በዚያ ወንዝ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ።

«ሎሚ፣ አቼቶ ወይም በረኪና ዝገቱን ያነሣዋል»

ዝገቱን ከነጥቁር ልባሱ ያነሣዋል፤ ከዚያ በኋላ ብረቱ ራቁቱን ስለሆነ ይብስ ይዝጋል። በረኪና ብረትን ራሱ ያዝጋል፤ አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። አቼቶን ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር ቀላቅሎ በርሜል መንከርን ከኢንተርኔት የተማረ አንድ ወጣት አጋጥሞኛል። «ሁለቱም ከቤት የሚገኙ ናቸው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ድብልቁ በርሜሉ ውስጥ ያለውን እርሳስ አሟሙቶ የሚሰጠው እርሳስ አሴቴት ነው። ደረቁ እርሳስ በቆዳ በቀላሉ አይገባም ብዬ ነበር፤ ይህ የሟሟው ግን ከዚያ በእጅጉ የከፋ ነው። ከሁለት ደኅና ነገሮች አንድ መርዝ ሲወጣ የሚታየው እንዲህ ነው።

«የሚሸት ማጽጃ ጠንካራ ነው»

አሞኒያ የሚሸቱት ማጽጃዎች የተሠሩት ከዐረሩ ልባስ የሚቀረውን መዳብ ለማስለቀቅ ነው። የማካሮቭ ጥይት በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የክላሽ ጥይት 715 ገደማ። በሽጉጥ ፍጥነት በርሜል ላይ የሚቀረው መዳብ ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው የሽጉጥ ባለቤት አሞኒያ አያስፈልገውም። ኒኬል የተለበጠ ሽጉጥ ያለውማ ከእሱ መራቅ አለበት፤ ከኒኬሉ ሥር መዳብ ካለ ልባሱ ይነሣል።

«ካዝናው ከወጣ ባዶ ነው»

የቅባት ጉዳይ ባይሆንም ሳልጽፈው አላልፍም። ካዝናው ይወጣል፤ ከዚያ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ተስቦ የጥይት ማደሪያው በዓይንም በጣትም ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም መጀመሪያ ተስቦ ካዝናው በኋላ ከወጣ፣ አንድ ጥይት ውስጥ ቀርታለች። ጥይቶቹ ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ።

«ቅባት ሲበዛ ይጠብቃል»

ቅባት አቧራ ይይዛል። ከቆቦ ሜዳ ወይም ከባቲ የሚመጡ ደንበኞቼ ሽጉጥ ውስጡ የሚገኘው ዘይትና አሸዋ ተቀላቅሎ የሠራው የወፍጮ ሊጥ ነው። የሚንሸራተቱት ብረቶች የሚፋተጉባቸው ቦታዎች ላይ አንዳንድ ጠብታ፣ ሌላው ላይ የጣት አሻራ የሚያህል ስስ ሽፋን ይበቃል። የካዝና ውስጥ ደረቅ ይሁን፤ ዘይት ወደ ጥይት መቀጣጠያ ከሰረገ ጥይቱ ላይነሣ ይችላል። ደብልዩ ዲ 40 የሚባለውን የሚረጭ ቆርቆሮ እንደ ቅባት የሚጠቀሙም አሉ። በ1953 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ዓላማው ውሃን ማባረር ነበር፤ ስሙ ውስጥ ያሉት ሁለት ፊደላትም በእንግሊዝኛ «ውሃ ማባረር» የሚለውን ያሳጥራሉ። ከታጠበ በኋላ እርጥበት ለማውጣት ይጠቅማል፤ አብዛኛው ስለሚተን ግን ለወራት ማስቀመጫ አይሆንም። ሲረጭም የሚተነፍሰው ሰው ነው፤ በጨርቅ ላይ አርጎ መቀባት ይሻላል።

ደግሞ ቅባት ስንት ቢሆን የማይተካው ነገር አለ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በደሴ ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል። ሲደርሱ አውጥቶ፣ እስኪሞቅ ቆይቶ፣ ማድረቅና እንደገና በስሱ መቀባት ነው። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ማሳደርም አይገባም፤ ቆዳ እርጥበት ያቁራል፣ ከማልፊያው የቀረ ጨውም ይኖረዋል። የጎረቤቴን ማካሮቭ ያን ዕለት አገላብጬ ሳየው በቀኝ ጎኑ ላይ ያገኘሁት ዝገት የማኅደሩን ስፌት መስመር ይዞ፣ ነጥብ በነጥብ፣ እንደ መርፌ ውጋት ተደርድሮ ነበር።