በሰፈሩት ቁና መሰፈር፦ «ሃያሲ ዳይሬክተር» ምንድን ነው?

ለዓመታት ካሜራ ፊት ተቀምጦ የሰውን ፊልም ሲመዝን የኖረ ሰው አንድ ቀን ብድግ ብሎ «እኔም ፊልም እየሠራሁ ነው» ይላል። ከተከታዮቹ ገሚሱ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ ገሚሱ እጁን አጣጥፎ መጠበቅ ይጀምራል። ሃያሲ ዳይሬክተር ማለት ይህ ሰው ነው። የሌላውን ሥራ መተቸት ሙያው ሆኖ ሳለ ወደ መሥራቱ የተሻገረና በሰፈረበት ቁና ለመሰፈር ራሱን ያቀረበ ሰው።

ነገሩ ከዩቲዩብ ጋር የመጣ አይደለም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፍራንሷ ትሩፎ በ1950ዎቹ «ካዬ ዱ ሲኔማ» በተባለው መጽሔት ላይ የአገሩን የፈረንሳይን ፊልሞች ያለ ርኅራኄ ይተች ነበር። ብዕሩ ከመስላቱ የተነሣ በ1958 የካን የፊልም ፌስቲቫል የጋዜጠኛ መግቢያ ከለከለው። በዓመቱ በመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ እዚያው ካን ላይ የምርጥ ዳይሬክተርነትን ሽልማት ወሰደ። ብዙ ሰው ስለ ሃያሲ ዳይሬክተር ሲነሣ የሚያስታውሰው ይህን ታሪክ ነው፤ ሲሳካ እንዲህ ያምራልና።

እኔ ግን የሮጀር ኢበርት ታሪክ የበለጠ ያስተምራል ባይ ነኝ። ኢበርት የቺካጎ ጋዜጣ ሃያሲ ሳለ የጻፈው የፊልም ጽሑፍ (ስክሪፕት) ተቀርጾ በ1970 ለሕዝብ ቀረበ። በዚያው ከተማ ለተፎካካሪ ጋዜጣ የሚጽፈው ጂን ሲስከል ከአራት ኮከብ ዜሮ ሰጠው፤ በደንብ የነቀፈውም ጽሑፉን ነበር። አምስት ዓመት አለፈና ኢበርት በፊልም ሂስ ፑሊትዘር የተባለውን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያው በ1975 ከዚያው ዜሮ ከሰጠው ሲስከል ጋር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጀመረ፤ ሲስከል እስኪሞት ድረስም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲከራከሩ ኖሩ። የተነቀፈው ጽሑፍ የሃያሲነቱን ዋጋ አልቀነሰበትም። የሲስከልም ዜሮ ቂም ሆኖ አልቀረም።

ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይህ ለምን ይከብዳል? አንደኛ ነገር፣ የድሮ ቃል አይሞትም። የጋዜጣ ሂስ ከሳምንት በኋላ ዕቃ ይጠቀለልበት ነበር። የቪዲዮ ሃያሲ ግን አሥር ዓመት ሙሉ የተናገረው ሁሉ በድምፁና በፊቱ ተቀምጧል። «ይህ ምልልስ ሰው የሚናገረው አይደለም» ያለበትን ደቂቃ ቆርጦ የገዛ ፊልሙ ትዕይንት ላይ መለጠፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከዚህ ሌላ ቅርበቱ አለ። ተመልካቹ ሰውየውን በየሳምንቱ ሲያይ ስለኖረ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ፊልሙ ካልጣመው እንደ ወዳጅ ይቀየማል። ገንዘብ አዋጥቶ ከሆነማ አይነገርም። የሙያ ባልደረቦቹ ደግሞ ጭንቅ ውስጥ ይገባሉ፤ ቢያሞግሱ ለጓደኛ አደሉ፣ ቢነቅፉ ቀኑ ይባላሉ።

ክሪስ ስታክማን የቅርብ ጊዜው ምሳሌ ነው። በዩቲዩብ ፊልም በመገምገም የታወቀው ይህ ሰው በ2022 «ሼልቢ ኦክስ» ለተባለ አስፈሪ ፊልሙ ሕዝብ ገንዘብ በሚያዋጣበት በኪክስታርተር ድረ ገጽ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ። ፊልሙ በኦክቶበር 2025 ሲኒማ ቤት ሲገባ የገምጋሚዎች ሐሳብ ተከፋፈለ። እሱ ግን ከዚያም በፊት፣ የማይወደውን ፊልም መንቀፍ ወደ መተው በማዘንበሉ ተተችቶ ነበር። ሃያሲ ሆኖ ዝም ማለትም ያስወቅሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ሃያሲን «እስቲ አንተ ሠርተህ አሳየን» ማለት የቆየ መልስ ነው፤ ሠርቶ ሲያሳይና ፊልሙ ደካማ ሲሆን «አየነው፤ ድሮም አታውቅም ነበር» ይከተላል። ይህ ስሕተት ነው። መቅመስና ማብሰል አንድ ሙያ አይደሉም። ድስቱን ያሳረረ ሰው ማረሩን የሚያውቅ ምላስ አጣ ማለት አይደለም።

አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንይ። ሁለት ሰዎች ወጥ ቤት ውስጥ ይነጋገራሉ። ዳይሬክተሩ ምልልሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር እንደረዘመ ያውቃል፤ ሲነቅፈው የኖረው ይህንኑ ነዋ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሊያልፍ ግን አርባ ደቂቃ ቀርቷል። በመጀመሪያው ቀረጻ አውሮፕላን አለፈ። በሁለተኛው ተዋናይቷ ተሰናከለች። ሦስተኛው ጥሩ ሆነ፤ ብርሃኑም ሄደ። ወራት ቆይቶ ኤዲቲንግ ላይ ትርፉን ንግግር ሊቆርጥ ሲል፣ ከቅርብ በተነሣው ቀረጻ ብርጭቆው በቀኝ እጇ፣ ከሩቅ በተነሣው በግራዋ ሆኖ አገኘው። ቢቆርጥ ብርጭቆው ከእጅ እጅ ሊዘል ነው። ንግግሩ እንዳለ ቀረ።

ፊልሙ ወጣ። አንዱ ገምጋሚ «ምልልሱ ረዝሟል» አለ። እውነቱን ነው። ሌላው «ሰነፍ ጽሑፍ፤ ማንም ደግሞ ያነበበው የለም» አለ። ይሄኛው ሳተ። ሂስ ስለ ሥራው ትክክል ሆኖ ስለ ምክንያቱ ሊሳሳት ይችላል፤ ሃያሲው ወደ መሥራት ሲሻገር የሚማረውም በዋናነት ይህን ይመስለኛል። ጉድለቱን የሚያይ ዓይኑ የቀድሞው ነው። ከጉድለቱ ጀርባ ያለውን መገመቱ ግን ይፈተናል።

ስለዚህ ቁናውም ሁለት ነው። ሃያሲው ድሮ «ይህ ትዕይንት አይሠራም» ብሎ ከነበረ ፊልሙ ቢወድቅም ያ ቃል ባለበት ይቆማል፤ እውነት መሆኑ የሚመዘነው በዚያኛው ፊልም ነው እንጂ በእሱ አይደለም። «እነዚህ ሰዎች ግድ የላቸውም፣ ገንዘብ ነው የሚያዩት» እያለ የሰው ልብ ሲያነብ ከኖረ ግን የእሱም ልብ ቢነበብ የሚያቀርበው አቤቱታ የለውም። ተመልካቹ የድሮ ቪዲዮውን ቢያነሣበት ልክ የሚሆነው በዚህ በኩል ነው። በተረፈ ፊልሙን እንደ ማንም ፊልም ማየት ይገባል፦ ማን ሠራው ሳይሉ፣ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ።

ፊልሙን ጨርሶ ወደ ግምገማ የሚመለስ ሃያሲ ካለ የመጀመሪያ ቪዲዮውን በጥሞና አዳምጣለሁ። መስማት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬም «ምልልሱ ረዝሟል» ለማለት ድፍረቱ አለው ወይ፣ «ሰነፍ» የምትለዋንስ ቃል ትቷት ይሆን?