ለልጅ የሚቀዳ ጽዋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 35ን ዛሬ አብረን እናንብብ። ነቢዩ ሬካባውያንን ወደ ቤተ መቅደሱ ጓዳ አስገብቶ ወይን የሞላባቸውን ማድጋዎችና ጽዋዎች በፊታቸው አኖረ፤ ጠጡም አላቸው። አልጠጡም። አባታችን ኢዮናዳብ ከልክሎናል አሉ። ከኢዮናዳብ ዘመን ሁለት መቶ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ሰዎች ስለ ልጆቹ ታዛዥነት ብዙ ይሰብካሉ፤ መልካም ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አባትየው ነው። ጽዋው ከመቅረቡ በፊት ቃሉን ተናግሮ አልፏል።

በእኛ ቤት ግን ልጁ ቀድሞ የሚሰማው «ቅመስ» የሚለውን ነው። በዝክር ቀን የ14 ዓመቱ ልጅ ጆግ ይዞ ለእንግዳ ጠላ ይቀዳል። አንዱ አጎት የተቀዳለትን ብርጭቆ መልሶ ይዘረጋለትና «ያዝ እንጂ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ! የቅዱስ ሚካኤል እኮ ነው» ይለዋል። ልጁ ወደ እናቱ ያያል። እናቱ ፈገግ ትላለች። ይጠጣል። በዚያ ቤት ክፉ ያሰበ ማንም የለም፤ ሁሉም በፍቅር ነው ያደረገው። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

የሰው አንጎል ተሠርቶ የሚያልቀው ሃያዎቹ ዕድሜ ከተጋመሱ በኋላ ነው። ከሁሉ ዘግይቶ የሚበስለው ከግንባር ጀርባ ያለው፣ የምናቅድበትና ስሜታችንን የምንገታበት ክፍል ነው። በጉርምስና ወራት የአንጎል ግራጫ ክፍል፣ ማለትም የነርቭ ሴሎቹ የሚገኙበት፣ በመጠኑ እየሳሳ ይሄዳል፤ ይህ በሽታ አይደለም። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 እንዳስተማረው፣ ገበሬው ቅርንጫፉን የሚያጠራው ይበልጥ እንዲያፈራ ነው። ክፍሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ነጩ ክፍል ደግሞ በዚያው ጊዜ ያድጋል። ፈጣሪ ለዚህ ሥራ ጊዜ ወስኖለታል።

የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የመጠጥ ችግር ያለባቸው ወጣቶች ሂፖካምፐስ የሚባለው የማስታወሻ ክፍላቸው ከእኩዮቻቸው አንሶ ተገኘ። የአንጎላቸው ምስል የተነሣው ግን መጠጥ ከጀመሩ በኋላ ነበር። ቀድሞውንም ትንሽ ከነበረስ? ይህን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ2012 ናካንዳ የተባለው ጥናት ተጀመረ። ከ12 እስከ 21 ዓመት የሆኑ 831 ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ገና መጠጥ ሳይለምዱ፣ አንጎላቸው የውስጥ አካልን ምስል በሚያነሣው ኤምአርአይ በሚባል መሣሪያ ታየ፤ ከዚያም ክትትሉ በየጊዜው ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ አብዝተው ወደ መጠጣት በገቡት ላይ የግንባሩ ግራጫ ክፍል ከሚገባው ፍጥነት በላይ ሳስቷል። ማጥራቱ ከልኩ አለፈ ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ አንዳንዱ ልዩነት ከመጠጡ በፊትም እንደሚታይ አልደበቁም፤ እኛም ልንደብቀው አይገባም። ከተፈጥሮው ለመጠጥ የሚያደላ ልጅ ካለ ግን፣ ብርጭቆውን ከእርሱ የምናርቅበት ምክንያት ይበረታል። የትኛው ልጅ እንደዚያ እንደሆነ ደግሞ በድግስ ላይ ቆሞ በዓይን የሚለይ ሰው የለም።

«ከውጭ ከሚለምድ እኛው ፊት ይቅመስ» የሚለውን ክርክር ከብዙ ወላጆች ሰምቻለሁ። በአውስትራሊያ 1,927 ታዳጊዎችን ከነወላጆቻቸው ለስድስት ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ወላጅ መጠጥ መስጠቱ ልጁን ከጉዳት እንደሚጠብቅ ምንም ማስረጃ አላገኘም። እንዲያውም ወላጆቻቸው የሰጧቸው ልጆች ካልተሰጣቸው ይልቅ ከሌላ ሰው መጠጥ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ነበር።

ጌታ በቃና ዘገሊላ ውኃውን የወይን ጠጅ አድርጎ የለም ወይ የሚለኝ ወንድም አይጠፋም። አድርጓል። እኔም የአዋቂውን ጽዋ ለመከልከል አልተነሣሁም፤ የምለው ስለ ልጁ ነው። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ሻጩን ሕግ ያዘው፤ በቤታችን ድግስ ላይ ግን ከእኛ በቀር የሚከለክል ማን አለ? ለልጆች ብርዝ ወይም ቃሪቦ ይዘጋጅላቸው፤ «ለልጅ አይቀዳም» የሚለውንም አባወራው ራሱ፣ እንግዶቹ እየሰሙ ይናገር።

ይህን የምታነብ ወጣት፣ አንተ ከጠጣህ ቆይተህ ይሆናል። አንጎሌ ተበላሽቶ ቀረ ብለህ ተስፋ አትቁረጥ፤ መጠጥ ባቆሙ ሰዎች አንጎል ላይ ማገገም ታይቷል። ለንስሐ አባትህ ሳታሳንስ ንገራቸው፤ ብቻህን ማቆም ካቃተህም ሐኪም ዘንድ ሂድ። አባትህ በጊዜው ያልነገረህን ዛሬ አብረኸው ተቀምጠህ ተነጋገሩበት፤ ታናናሾችህም ይስሙ።