አሞራ ገደል፦ የሐዋሳ ዓሣ ከመረብ እስከ ማዕድ

አሞራ ገደል በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኝ የዓሣ ማራገፊያ፣ መገበያያና መመገቢያ ስፍራ ነው። ሐዋሳን ያየ ሁሉ ስለ ቦታው የሚያወራው አያጣም። የተጻፈው ግን ወይ የጎብኚ ትዝታ ነው፣ ወይ በጥናት መጽሔት የታሰረ የዓሣ ሳይንስ። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ሁለቱን ለማገናኘት ነው፤ ዋና ጉዳዩም ዓሣው በምን መንገድ ተመርቶ ሳህን ላይ እንደሚደርስ ነው።

ሐይቁና ዓሣዎቹ

ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝቷል፤ ጥልቀቱ በዛ ቢባል 22 ሜትር ገደማ ነው። ዋና ገባሩ ከጨለለቃ ረግረግ የሚመጣው ጥቁር ውኃ ሲሆን፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። እንዲያም ሆኖ ውኃው ጨው አልሆነም፤ ለዚህም ምክንያቱ ከምድር ሥር እየሰረገ መውጣቱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ከስድስቱ የዓሣ ዝርያዎች ለገበያ የሚቀርቡት ሦስቱ ናቸው፦ ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ቢልጫ። ገበያውን የያዘው ቆሮሶ ነው፤ ሐዋሳ ላይ «ዓሣ» ሲባል ሌላ ካልተጠቀሰ እሱ ነው።

ማታ የተጣለው መረብ ሲነጋ ይነሳል። ጀልባዎቹ ዳር ሲደርሱ አስጋሪዎቹ መረቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ዓሣውን አንድ በአንድ ይፈቱታል፤ ክሩ ስንጥቡ ውስጥ ስለሚገባ ሥራው እንደ ሹራብ መተርተር ትዕግሥት ይጠይቃል። አምባዛ ግን ብዙውን ጊዜ በመንጠቆ ነው የሚያዘው።

ታሪክ

ዓሣ በሲዳማ ነባር ማዕድ እንደ ዋሳ (ከእንሰት የሚሠራው ምግብ) እና እንደ ወተት ትልቅ ቦታ አልነበረውም፤ ገበያውን የፈጠረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረው ከተማ ነው። በደርግ ዘመን አስጋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ነበር፤ መንግሥትም በዓሣ ምርትና ገበያ ድርጅቱ በኩል በንግዱ ውስጥ ነበረበት።

በሰፊው የተመዘገበው ዘመን 1980ዎቹ ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተካሄደው የሐይቆች ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮጀክት ከየሐይቁ የሚወጣውን ምርት አስቆጥሮ፣ እያንዳንዱ ሐይቅ ሳይጎዳ በዓመት ምን ያህል ሊሰጥ እንደሚችል ገመተ። ለጣና 10,000 ቶን፣ ለጫሞ 4,500 ቶን፣ ለሐዋሳ ደግሞ 600 ቶን ገደማ ተባለ። ግምቱ ያረጀ ቢሆንም እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው እሱው ነው።

600 ቶን ብዙ ይመስላል። በቀን ሲካፈል ግን ሁለት ቶን አይሞላም። ቆሮሶ ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ ፊሌቶ ሲሆን የሚተርፈው ሥጋ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። እንግዳው ሁሉ ቀርቶ የከተማው ሰው ብቻ ቢካፈለው፣ ለአንድ ሰው በዓመት አንድ ኪሎ ሥጋ አይደርስም። እሑድ ቀን አሞራ ገደል ያለውን ሰልፍ ያየ ሰው ይህን ስሌት ለማመን ይቸገራል።

መረብና ወቅት

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ለንግድ ለማስገርም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለቆሮሶ የሚመከረው መረብ ዓይኑ ሲወጠር 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነው። ሐይቁ ላይ የሚታየው ግን 8 እና ከዚያም የጠበበ ነው። በጠባብ ዓይን የሚያዘው ገና ያልወለደ ዓሣ ነው። ትልቁ ሲጠፋ አስጋሪው መረቡን ያጠብባል፤ መረቡ ሲጠብ ደግሞ ትልቁ ይብሱን ይጠፋል። ጥፋቱን በአስጋሪው ላይ ብቻ መደምደም ግን ተገቢ አይደለም፤ ለእራቱ የወጣ ሰው ነው። ትንሽዋን ዓሣ «ጣፋጭ ናት» ብሎ መርጦ የሚያዝዘው በላተኛ አለና።

የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ለጥቂት ጊዜ አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ መረብ የያዛት እንደሆነ አብራ የምትሄደው አንድ ትውልድ ናት። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም የሚበረታው ሁለት ጊዜ ነው፦ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ከዚያም ከሐምሌ እስከ መስከረም።

እነዚህ ወራት ከጾም ጋር ይገጥማሉ። የመጀመሪያው ከሁዳዴ ጋር ይደራረባል፤ በሁለተኛው ውስጥ ፍልሰታ አለ። ሥጋ ቤቶች በሚዘጉበት በዚህ ጊዜ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ዋጋውም ይወጣል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ራሱ የቆየ ክርክር ነው። መምህራን ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አይበላም የሚሉት ብዙ ናቸው፤ በተግባር ግን በርካታ ጿሚ ይበላል። ክርክሩ የሚያተኩረው በሚጾመው ሰው ላይ ነው። ዓሣዋ በዚያው ሰሞን አፏን ሞልታ መሆኗ በክርክሩ ውስጥ እምብዛም አይነሳም።

በሌላ በኩል ዓሣ አይታረድም፤ የማን እጅ ባረከው የሚል ጥያቄ የለበትም። በሥጋ ማዕድ የሚለያዩት ክርስቲያንና ሙስሊም አሞራ ገደል ላይ ከአንድ ሳህን ይቆርሳሉ። በዚህ ረገድ በአገራችን የሚስተካከለው ገበያ ጥቂት ነው።

ጥሬው፣ ሾርባውና አባ ኮዳው

ወጣቶቹ የሐይቁ ዳር ሠራተኞች ቅርፊቱን ፍቀው፣ ጀርባውን በቢላ ሰንጥቀው፣ ሁለቱን ጎን ሲያነሱ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ራሱና አጥንቱ ለሾርባ ይሄዳል፤ ቀሪው ይጠበሳል፣ ጉላሽ ይሆናል፣ ወይም በሎሚና በዳጣ ጥሬውን ይበላል። ጥሬ ዓሣ የሐዋሳ ኩራት ነው፤ ይህን የሚጽፈውም በልቶት ያውቃል። ይሁንና ከሐይቁ በተያዙ ቆሮሶዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች በልባቸው ዙሪያ ጥገኛ ትሎች አግኝተዋል። ሎሚና ሚጥሚጣ ትሉን ለመግደል አያስተማምኑም፤ እሳት ይገድለዋል።

ሌላው ጉዳይ ውኃው ነው። ሐይቁ የገጽ መውጫ ስለሌለው የገባበት ነገር ቶሎ አይለቀውም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡ ጥናቶች ሌሎች ዓሦችን በሚበሉ ትላልቅ ቢልጫዎች ውስጥ ከሚመከረው ያለፈ ሜርኩሪ አሳይተዋል፤ በቆሮሶ ውስጥ ያለው ግን እጅግ ያነሰ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቆሻሻ ውኃውን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ የተሠራ ነው። በእርግጥም ለሐይቁ ታስቦ የተደረገ ትልቅ ነገር ነው። ከተማውና ዙሪያው ያለው እርሻ በዝናብ ወቅት ወደ ሐይቁ የሚልኩት ጎርፍ ግን እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለውም።

ከሾርባ የተረፈው የአባ ኮዳ ድርሻ ነው። ራሰ በራዎቹ ወፎች ከሚሰነጥቀው ልጅ ጀርባ እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ አንጀቱ ገና መሬት ሳይነካ ይወስዱታል። አንዳንድ ልጆች አንጀቱን ለጎብኚ በጥቂት ብር ይሸጣሉ፤ ጎብኚው ይወረውርና ፎቶ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ዓሣው ሲያልቅ ወፎቹ ወደ ዛፎቹ ይወጣሉ፣ አስጋሪዎቹም ለማታ የሚጣለውን መረብ መጠገን ይጀምራሉ።