የሽጉጥ ጥይት ፍጥነት ልኬት፦ ክሮኖግራፍ በአዳማ ፀሐይ ሥር

ክሮኖግራፍ ከአፈሙዝ የወጣ አረር በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚጓዝ የሚለካ መሣሪያ ነው። ያገለገለ ቀለህ በአዲስ ባሩድና አረር እየሞሉ የሚጠቀሙ ተኳሾች፣ በእጃቸው የሞሉት ጥይት ከአንዱ ወደ ሌላው ምን ያህል እንደሚለያይ የሚያዩት በእሱ ነው። በኢትዮጵያ ጥይት ማምረት ፈቃድ የሚጠይቅ ተግባር ነው፤ ጉዳዩ የሚገዛውም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ፈቃድ ላለው ሰውና ለተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ነው። የልኬቱ ፊዚክስ ግን የትም አንድ ነው፤ እንደ አዳማ ፀሐይ፣ ነፋስና አቧራ በማይለይበት ከተማ ደግሞ ችግሮቹ ፈጠን ብለው ይታያሉ።

የአረርን ፍጥነት መለካት ከኤሌክትሮኒክስ በፊት የነበረ ሙያ ነው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው ሥራ፣ በተንጠለጠለ ከባድ ዕቃ ላይ ተኩሶ ዕቃው የተወዛወዘበትን ልክ በመለካት ፍጥነቱን አስልቷል። ዛሬ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ባለ ጥላው ክሮኖግራፍ ነው። ሁለት የብርሃን ሴንሰሮች ወደ ሰማይ ያያሉ፤ የአረሩ ጥላ በመጀመሪያው ላይ ሲያልፍ ሰዓቱ ይነሳል፣ በሁለተኛው ላይ ሲያልፍ ይቆማል። በሴንሰሮቹ መካከል ያለው ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ 350 ሜትር የሚበር አረር በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ያቋርጠዋል። ይህን ያህል አጭር ጊዜ ሲለካ ትንሽ መዛነፍ ትልቅ ስህተት ይወልዳል። ታጣፊው መሣሪያ በደንብ ሳይዘረጋ ቀርቶ ርቀቱ በ3 ሚሊ ሜትር ቢያጥር፣ ንባቡ በ1 ከመቶ ይጨምራል፤ በሰከንድ 3.5 ሜትር ማለት ነው። መሣሪያው ከአረሩ መንገድ 8 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ቢል ደግሞ ንባቡ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ባሩዱን ከመጠርጠር በፊት አቀማመጡን መጠርጠር የሚገባው ለዚህ ነው።

ብርሃኑ ከሁሉም በላይ ያስቸግራል። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች። ወደ ላይ የሚያይ ሴንሰር ያን ጊዜ በቀጥታ ፀሐይዋን ያያል፤ የአረሩም ጥላ በብርሃኑ ብዛት ይዋጣል። ንባቡ ይዘላል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ከሴንሰሮቹ በላይ የሚተከለው ነጭ ማለስለሻ ፕላስቲክ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ በሚያዝያ ያለ እሱ መለካት ልፋት ነው። ጠዋትና ወደ ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ዝቅ ያለችው ፀሐይ የአረሩን ሆድ ታበራና ሴንሰሩ ጥላ ሳይሆን ነጸብራቅ ያያል። ደመና በእኩል የሸፈነው የክረምት ሰማይ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ነው። ቤት ውስጥ ከሆነ፣ በ50 ኸርዝ መብራት ላይ የተለመደው ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ስለሚል ሴንሰሩን ያታልላል፤ በምትኩ የራሱ ኢንፍራሬድ መብራት ያለው መሣሪያ ይመረጣል።

መሣሪያው ከአፈሙዙ ከ3 እስከ 4 ሜትር ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ፣ ከአረሩ ጋር የሚወጣው ጋዝና ያልነደደ የባሩድ ፍንጣሪ ሰዓቱን ቀድሞ ሊያስነሳው ይችላል። ከነፋስ ማመንጫዎቹ ጋር ስሟ የሚነሳው አዳማ ነፋሷ ቀላል አይደለም፤ የማቆሚያው እግር በአሸዋ ከረጢት ካልተያዘ ይወዛወዛል። አቧራውም በሴንሰሩ መስታወት ላይ ይቀመጣልና በየመሃሉ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። የከተማዋ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ሰበብ ሆኖ ሲነሳ ይሰማል። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ የሚያመጣው ልዩነት በሰከንድ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ልዩነት የጥይቱ ነው። በሽጉጥ ጥይት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የባሩዱ አቀማመጥ ነው። ለጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራው የ.38 ስፔሻል (የሽጉጥ ጥይት ዓይነት) ቀለህ በዛሬው ባሩድ ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ባሩዱ ቀለሁ ግርጌ ወዳለው መለኮሻ ተንሸራትቶ ሲተኛና ወደ አረሩ ሸሽቶ ሲተኛ ፍጥነቱ በግልጽ ይለያያል። ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ሽጉጡን አንድ ዓይነት አድርጎ ማንሳት አለበት፤ አፈሙዙ ከኢላማው አቅጣጫ ሳይወጣ። ሙቀትም ፍጥነቱን ይለውጣል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና የዋለ ጥይትና ጥላ ሥር የቆየ ጥይት በአንድ ዝርዝር ውስጥ መደባለቅ የለባቸውም።

በአምስት ተኩስ መደምደም የተለመደ ስህተት ነው። ከአምስት ተኩስ የተሰላ መደበኛ ልይይት (ንባቦቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየው ቁጥር) ራሱ 35 ከመቶ ያህል ሊዋዥቅ ይችላል፤ ከሃያ ተኩስ ሲሰላ መዋዠቁ ወደ 16 ከመቶ ይወርዳል። በፈጣኑና በዘገምተኛው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ተኩሱ በበዛ ቁጥር እየሰፋ ስለሚሄድ፣ የአምስቱን ከሃያው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ያልተጠበቀ ከፍተኛ ፍጥነት ከታየ መተኮሱን ማቆም ነው፤ ክሮኖግራፍ ግፊትን አይለካም፣ ግፊት ከልክ ማለፉን ግን ሊጠቁም ይችላል።

ከአፈሙዙ ጎን ተቀምጠው በራዳር የሚለኩት አዳዲሶቹ መሣሪያዎች የብርሃኑን ጣጣ አስቀርተዋል። ባለ ጥላውን የያዘ ሰው ግን ርካሽ መላ አለው፦ ከአንድ የፋብሪካ ምርት ካርቶን ጥይት ለይቶ ያስቀምጣል፣ በየልኬቱ መጀመሪያም ከእሱ አሥር ያህል ይተኩሳል። የዚያ ጥይት አማካይ ከባለፈው ጊዜ ከራቀ፣ በእጅ የተሞላውን ከመንካቱ በፊት ማቆሚያውን፣ ማለስለሻውንና ሰማዩን ያያል።